ለመሐል ሜዳዋ መምህርት፦ ገንዘቡ አለ፣ መንገዱ ግን በደላላ በኩል አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መሐል ሜዳ ላይ ባዮሎጂ እያስተማርሽ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዲግሪ እንደጀመርሽ፣ አንድ «አማካሪ» ነኝ ባይ ደግሞ ኢራስመስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል አውሮፓ እልክሻለሁ ብሎ 20 ሺህ ብር እንደጠየቀሽ፣ ግማሹን ብትከፍዪ ምን እንደሚመስለን ጠይቀሻል። ሥራዬን አጣ ይሆን ወይ የሚል ስጋትም አለብሽ።

አትክፈዪ። ሰውየውን አላውቀውም፤ የሚሸጥልሽን ነገር ግን አውቀዋለሁ። እኔም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ በዚሁ መንገድ ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ ሄጄ ተመልሻለሁ። የላከኝ ዩኒቨርሲቲ የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ወደ ታች ጥቂት ወቀሳ ስላለኝ።

ሰው ሁሉ «ኢራስመስ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠቀልላል። አንደኛው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው፤ ሙሉ የማስተርስ ትምህርት ሆኖ ቢያንስ በሁለት አገር ይማሩታል። ትምህርቱን ለሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት አመልካቹ ራሱ በቀጥታ ያመለክታል። ስኮላርሺፑን ላገኘ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፤ ለኑሮ፣ ለጉዞና ለቪዛ ደግሞ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሰውየው ያወራልሽ የሚመስለኝ፣ የአጭር ጊዜ ልውውጥ ነው። የጀመርሽው ዲግሪ እዚሁ እንደቀጠለ ከ2 እስከ 12 ወር ሌላ አገር ተምረሽ ትመለሻለሽ። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አትከፍዪም፤ በወር የሚሰጠው እንደ አገሩ ይለያያል፤ የእኔ 800 ዩሮ ነበር። በዚህኛው መንገድ ግለሰብ ብቻውን ሄዶ የሚያንኳኳው በር የለም። ያንቺ ዩኒቨርሲቲና የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ አስቀድመው ስምምነት ካልፈረሙ፣ ለዚያም ፕሮጀክት ገንዘብ ካልተፈቀደ፣ ደላላው አሥር ጊዜ ቢምል ሊልክሽ አይችልም። ከፈረሙ ደግሞ የሚያወዳድረው የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ደላላው ምን ሊሠራልሽ?

ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጪ በዓለም አቀፍ ግንኙነት በኩል የሚሠሩትን ሰዎች ፈልጊና ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት አለ? ያንቺን የትምህርት መስክ ያካትታል? ለማስተርስ ተማሪ ነው ወይስ ለመምህራን ብቻ? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይምሰልሽ። አንዳንዱ ስምምነት ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች የሳምንት ጉዞ ብቻ ነው። አንቺ መምህርት ብትሆኚም ለዚህ ፕሮግራም የምትቆጠሪው እንደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነትሽ በዚህ በር አያስገባሽም።

አሁን ወቀሳዬ። ከመሄድሽ በፊት እዚያ የምትወስጃቸውን ኮርሶች የሚዘረዝር የትምህርት ስምምነት የሚባል ቅጽ አለ። አንቺ፣ ላኪውና ተቀባዩ ሦስታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። እኔ ለላኪው ያስፈረምሁት አንድ የቢሮ ኃላፊን ነበር፤ ማኅተሙ ደማቅ ነው፣ በጣም ያምራል። የትምህርት ክፍሌ ግን ወረቀቱን አላየውም። 30 ክሬዲት ተምሬ፣ ውጤቴን ይዤ፣ ደስ ብሎኝ ስመለስ የክፍሉ ሰዎች «እነዚህ ኮርሶች ከእኛ ጋር አይመጣጠኑም» አሉኝ። ሁለቱን ብቻ ተቀብለው የቀሩትን እንደገና አስተማሩኝ፤ አንድ ሴሚስተር በከንቱ ሄደብኝ። አንቺ እያንዳንዱን ኮርስ ከክፍል ኃላፊሽ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪና «ይህ በዚህ ይተካል» የሚል ፊርማ በስማቸው ተቀበዪ። እስኪፈርሙ ደጃቸው ላይ ሦስት ቀን መዋል ቢኖርብሽም ዋዪ።

ገንዘቡ ደግሞ እጅ የሚገባው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ቢያንስ የእኔ እንደዚያ ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቱንና የቪዛውን ወጪ አስቀድሜ ከኪሴ ሸፈንሁ፤ እዚያ ደርሼ የባንክ ሒሳብ እስክከፍት ሦስት ሳምንት አለፈ። ቲኬቱን የገዛሁት የእቁብ ዕጣ የወጣለት ጓደኛዬ ተራውን ስለለቀቀልኝ ነው። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ የተመረጥሁበትን ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እቀር ነበር። ላኪና ተቀባይ ተስማምተው ቲኬቱን ራሳቸው የሚገዙበት ጊዜም አለና ገና ስትመረጪ ጠይቂ። (ስለ ብርዱ ብዙ ሰው ያስፈራራሻል። መሐል ሜዳ ለምትኖር ሰው ይህ ወሬ አይደለም።)

ወረቀት ላይ ሰው የሚወድቀው በትንንሽ ነገር ነው። የአባቴ ስም ትራንስክሪፕቴ ላይ «ወልደጻድቅ» ተብሎ አንድ ቃል፣ ፓስፖርቴ ላይ «ወልደ ጻድቅ» ተብሎ ሁለት ቃል ነበር። እኛ ስንሰማው አንድ ነው፤ ለአውሮፓውያኑ ግን ሁለት ሰው ሆነ፤ ሰውየው አንድ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እስካመጣ ድረስ ሳምንታት ነጎዱ። የመጀመሪያ ዲግሪሽን ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ዛሬውኑ መጠየቅ ጀምሪ፤ የወጪ መጋራት ግዴታሽ ካልተዘጋ አይወጣልሽም። ሰዓቱንም ልብ በዪ። አንድ ጓደኛዬ ማመልከቻው «12:00» ይዘጋል የሚለውን አይቶ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት መስሎት ተረጋግቶ ተቀመጠ። የመካከለኛው አውሮፓ እኩለ ቀን ነበር፤ በክረምታቸው ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ሊልክ ሲቀመጥ ገጹ ከተዘጋ አራት ሰዓት ሊሆነው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ለአንቺ የሚሆን ስምምነት ከሌለው ተስፋ አትቁረጪ። እንዲያውም በእኔ ሚዛን ዓመታት ላስተማረ ሰው የሚሻሉት በቀጥታ የሚያመለክቱባቸው ናቸው። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ያህል በሙሉ ጊዜ ያስተማረ ሰው ያሟላዋል። ስትጨርሺ ግን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳአድም (DAAD) ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ዕድል አለው፤ እሱም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪሽ ከስድስት ዓመት በላይ ከቆየ ግን አይቀበልሽም። የኮመንዌልዝን ስኮላርሺፕ ተዪው፤ ኮመንዌልዝ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፤ ሰው ግን በየዓመቱ ይደክምበታል። ለቼቭኒንግም ሆነ ለቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከት በነጻ ነው። 20 ሺህ ብሩን ለፓስፖርትሽና ለሰነድ ማረጋገጫ አውዪው።

ስለ ሥራሽ፦ የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ርእሰ መምህሩ «ሂጂ፣ እኛ እንሸፍናለን» ቢሉሽ አመስግኚያቸውና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጽሑፍ ጠይቂ። የምትሄጂበትና የምትመለሺበት ቀን፣ የደመወዝሽ ሁኔታ፣ ዋስ የሚያስፈልግ እንደሆነም እሱ በግልጽ ይስፈር። ይህ ሳያልቅ ቲኬት እንዳትገዢ። እኔ ፖላንድ ሳለሁ በመሥሪያ ቤቴ ሰው ተቀይሮ አዲሱ ኃላፊ «ያለ ፈቃድ ጠፍቷል» የሚል ማስታወቂያ ሊያወጡ ሲሉ ያዳነኝ እናቴ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የፈቃድ ደብዳቤዬ ኮፒ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይዞት ሄዶ አሳያቸው። አንቺም ቁጥርና ማኅተም ያለው መሆኑን አይተሽ አንዱን ኮፒ ለቤተሰብሽ ተዪላቸው።