መልስ፦ ከወታደራዊ ዐቃቤ ሕግነት ወደ ሰው ሀብት

ወንድሜ፣ «ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ የነበረን ሰው የገላን ፋብሪካዎች ለሰው ሀብት ሥራ ይቀበሉታል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ይቀበሉታል። እኔም ከዚያው ሙያ ወጥቼ አሁን አቃቂ ቃሊቲ እየሠራሁ ነው።

መጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን ጠንቅቀህ አንብብ። በተለይ አንቀጽ 27ን። አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት መኖሩን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ይህን ቀን በጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው ለድርጅት ትልቅ ሀብት ነው። ቃል መቀበሉን፣ ማስረጃ መመዘኑን አንተ ለምደኸዋል።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ለምን እንዳረፈደች ስጠይቃት ያለቀሰች ልጅ ነበረች። ያስደነገጣት ጥያቄው አልነበረም፣ ድምፄ ነው። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ስቤ፣ ሻይ አስመጥቼ ነው የማናግረው።

ሲቪህ ላይ ከማዕረግህ ይልቅ የሠራኸውን አስቀድም።