ጨረቃ ስትሞላ ለምን ያን ያህል ትደምቃለች? ጥያቄና መልስ

ስለ ጨረቃ ብርሃንና ስለ አቧራዋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ጨረቃ የግማሽ ጨረቃን እጥፍ ብቻ ማብራት አልነበረባትም?

መልስ፦ ማንም እንደዚያ ይጠብቃል። ሲለካ ግን ልዩነቱ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። በግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ከጎን ስለምታበራ ጉድጓዱም፣ ድንጋዩም፣ እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣትም ጥላ ይጥላል። ስትሞላ ፀሐይ ከእኛ ጀርባ ናት። ቅንጣቱ ጥላውን ከራሱ ኋላ ይደብቃል። ጠዋት የታረሰ ማሳ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ፀሐይን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ስታዩ ጓሉ ሁሉ ብሩህ ነው፤ ዞር ስትሉ ያው ማሳ ይጠቁራል።

ጥያቄ፦ ጥላ ብቻ ነው ምክንያቱ?

መልስ፦ አይደለም። ብርሃን ሞገድ ነው። አንዱ ሞገድ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየነጠረ ሲወጣ፣ ሌላው ያንኑ መንገድ ከመጨረሻው ጀምሮ ይሄድበታል። ወደ መጡበት ሲመለሱ ሁለቱም እኩል ርቀት ስለተጓዙ ይደጋገፋሉ። ከጥላውና ከዚህ የትኛው ያመዝናል የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ቆይቷል።

ጥያቄ፦ ፖላራይዝድ መነጽር አድርጌ ጨረቃን ባይ ለውጥ ይኖራል?

መልስ፦ ሙሉ ጨረቃ ላይ አትልፉ፣ ምንም የለም። ፖላራይዝድ ብርሃን ማለት ንዝረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ ብርሃን ነው። ፀሐይ ልክ ከኋላችን ስትሆን የሚያደላበት ጎን አያገኝም። ግማሽ ጨረቃ አካባቢ ይበረታል። ግን ተጠንቀቁ፦ ቀን ላይ በምትታየው ግማሽ ጨረቃ ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ሰማይ ራሱ በጣም ፖላራይዝድ ነው። መነጽሩን ስታዞሩት የሚጨልመው በአብዛኛው ሰማዩ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ቦታ ከነጩ ይልቅ ፖላራይዝድ ነው ይባላል። እንዴት ሆኖ?

መልስ፦ ይህን ሩሲያዊው ኒኮላይ ኡሞቭ በ1905 ነው ያስተዋለው። ነጣ ያለ ዱቄት ውስጥ የገባ ብርሃን ብዙ ጊዜ ነጥሮ ስለሚወጣ ንዝረቱ ይደባለቃል። ጥቁር ቅንጣት የገባውን ይውጠዋል። የሚተርፈው አንዴ ብቻ የነጠረው ነው፣ እሱም ፖላራይዝድ ነው። እኔ በጣም የምወደው ጥቅሙ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር አለት) ላይ ነው። በቴሌስኮፕ ትንሽ ነጭ አለትና ትልቅ ጥቁር አለት እኩል ሊደምቁ ይችላሉ። ፖላራይዜሽኑ ጥቁረቱን ይነግረናል፤ ከጥቁረቱና ከድምቀቱ ደግሞ መጠኑ ይወጣል።

ጥያቄ፦ «አሉታዊ ፖላራይዜሽን» ምንድን ነው?

መልስ፦ ጨረቃ ለመሙላት ስትቃረብ ንዝረቱ የሚያደላበት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይዞራል። ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ በ1920ዎቹ በደንብ ለካው፤ የእሳተ ገሞራ አመድም ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው አየ። ማንም ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አርባ ዓመት ገደማ በፊት መሬቷ ደቃቅ ዱቄት የለበሰ መሆኑን የሚጠቁም ማስረጃ ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ማስላት አይቻልም?

መልስ፦ ቅንጣቱ ክብ ከሆነ ቀላል ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታፍ ሚ ብርሃን ከክብ ቅንጣት እንዴት እንደሚነጥር የሚያሰላውን ቀመር በ1908 ሠርቶታል። በ1974 ሳይንቲስቶቹ ሀንሰንና ሆፈኒር በዚያው መንገድ የቬነስ ደመና 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ራዲየስ ባላቸው የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታዎች የተሞላ መሆኑን ከፖላራይዜሽኑ ብቻ አሳይተዋል። ጠብታ ክብ ስለሆነ ተሳካ። የጨረቃ አቧራ ግን የተሰባበረ ብርጭቆ ያለበት፣ ሹልና ወጣ ገባ ነው። ነፋስና ውኃ ስለሌለ የሚያለሰልሰው የለም። እንዲህ ያለውን ቅንጣት በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ ማስላት ይቻላል፤ ግን ቅንጣቱ ሲተልቅ ኮምፒውተሩን ያስጨንቃል። ሚሊዮኖች ተደራርበው ሲተኙማ አይወራ። ለዚህ ነው ሰዎች አሁንም ቤተ ሙከራ ውስጥ ዱቄት ላይ ብርሃን እያበሩ የሚለኩት።

ጥያቄ፦ ከጨረቃ ዙሪያ ሆኖ ፖላራይዜሽኑን የለካ አለ?

መልስ፦ አለ። ደቡብ ኮሪያ በ2022 ያመጠቀቻት ዳኑሪ የተባለች መንኮራኩር የፖላራይዜሽን ካሜራ ይዛለች። ከምትፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የአቧራው ቅንጣት መጠን ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ነው።