የራስ ትራክ፣ የራስ ጣጣ፦ ስለ ዲኦቲ፣ ታርጋና ኢፍታ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

አሜሪካ ውስጥ ከካምፓኒ ወጥቶ በራሱ ትራክ መሥራት የሚፈልግ የኛ ሰው በዝቷል። መንዳቱን ማንም አያማውም። ፍዳ የሚያሳየው ወረቀቱ ነው። የእኔ ውሎ ደግሞ ከዚሁ ወረቀት ጋር ነው፤ ለባለትራኮች ፐርሚትና ታርጋ አስጨርሳለሁ። ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበርና አላሳፈራችሁኝም። የማወራው ከ26,000 ፓውንድ በላይ ስለሆነና ከስቴት ስቴት ስለሚሻገር ትራክ ነው።

ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ፤ ትራክ ልገዛ ነው። ከየት ልጀምር? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ለይ። የፌዴራሉ ወረቀት የሚጠይቅህ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ነው። የስቴቶቹ ወረቀት ደግሞ «እኔ ጋ ስንት ማይል ነዳህ?» ይልሃል። ይህ ከገባህ ግማሹ ግርግር ይቀላል።

ከፌዴራሉ ጀምር። የዲኦቲ ቁጥር፣ ማለትም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ካምፓኒህን የሚለይበት ቁጥር፣ በነፃ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ለመጫን የሚያስፈልገው ኦቶሪቲ፣ ማለትም ኤምሲ፣ 300 ዶላር ያስከፍላል፤ ከተከፈለ አይመለስም። ከዚያ በየስቴቱ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልልህ ወኪል ታስመዘግባለህ፤ ቢኦሲ-3 የሚሉት እሱን ነው። ኢንሹራንስ ሰጪህም ማረጋገጫውን ራሱ ይልካል። ለተራ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው የ750,000 ዶላር ሽፋን ነው። ብሮከሮች (ጭነት አገናኝ ደላሎች) ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊዮን፣ ለዕቃው ደግሞ 100,000 ካላዩ ሎድ አይሰጡህም።

ምክሬን ከሰማህ፣ 300 ዶላሩን ከመክፈልህ በፊት ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚል ጠይቅ። ለአዲስ ኦቶሪቲ ዋጋው ያስደነግጣል። የብዙ ሰው ዕቅድ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ዲኦቲ ቁጥር ካወጣሁ ወዲህ ስልኬ አላርፍ ብሏል። «ዛሬ ካልከፈልክ ትታገዳለህ» የሚል ደብዳቤም መጣ። (ዳላስ)

አትደንግጥ። ቁጥርህ፣ ስልክህና አድራሻህ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነጋዴው ሁሉ ያገኘዋል። ደብዳቤውን አገላብጠህ እየው። ላዩ ላይ ንስር ያለበት ማኅተም አለ፤ በቀይ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። ታች፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልጋቸው ፊደሎች፣ «የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም» የሚል አታጣም። በነፃ የምታድሰውን ነገር ነው በብዙ ዶላር የሚሸጡልህ።

በነፃ የሚታደሰው ኤምሲኤስ-150፣ ማለትም የካምፓኒህ መረጃ ያለበት የዲኦቲ ፎርም ነው። በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ምንም ባይለወጥም ይሞላል። ወሩን የዲኦቲ ቁጥርህ የመጨረሻ አኃዝ ይነግርሃል፦ 1 ከሆነ ጃንዋሪ፣ 2 ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል፤ 0 ኦክቶበር ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለው አኃዝ ጎዶሎ ከሆነ በጎዶሎ ዓመት፣ ሙሉ ከሆነ በሙሉ ዓመት ነው። ከረሳኸው በየቀኑ የሚታሰብ ቅጣት አለው።

ኔቫዳ ዩሲአር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ አልከፍልም ማለት ነው? (ላስ ቬጋስ)

ትከፍላለህ። ዩሲአር ከስቴት ስቴት የሚሻገር ካምፓኒ በየዓመቱ የሚከፍለው የጋራ ምዝገባ ነው። ኔቫዳ በእርግጥ አባል አይደለችም፤ ሜሪላንድና ፍሎሪዳም እንደዚያው ናቸው። አንተ ግን ወደ ካሊፎርኒያና ዩታ ትሻገራለህ። አባል የሆነ ጎረቤት ስቴት መርጠህ በእሱ በኩል ትመዘገባለህ። እስከ ሁለት መኪና ላለው ሰው የ2025 ክፍያ 46 ዶላር ነበር። 150 ዶላር ክፈል ካሉህ የቀረው የአስመዝጋቢው ኪስ ነው።

ባለቤቴ ይነዳል፤ ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ነዳጅ ስንገዛ ታክስ ከፍለናል። ኢፍታ ደግሞ ለምን ይጠይቀናል? (ኮለምበስ፣ ኦሃዮ)

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢፍታ ስቴቶች የነዳጅ ታክስን የሚተሳሰቡበት ስምምነት ነው። የናፍጣ ታክስ የሚገባው ለተገዛበት ስቴት ሳይሆን ለተቃጠለበት ስቴት ነው። ባለቤትሽ ኦሃዮ ላይ ሞልቶ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ 600 ማይል ነዳ እንበል። ትራኩ በጋሎን 6 ማይል ከሄደ ፔንሲልቬኒያ ላይ 100 ጋሎን አቃጥሏል። ፔንሲልቬኒያ የ100 ጋሎን ታክሷን ትፈልጋለች፤ የእሷ ደግሞ ከአገሩ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ኦሃዮ ላይ የከፈላችሁት ይያዝላችኋል፣ ልዩነቱን ትጨምራላችሁ። ሁሉንም በአንድ ሪፖርት ለኦሃዮ ትልኪያለሽ፤ ስቴቶቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ብልሃት አለ። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ያታልላል። ታክሱን ቀንሰሽ የናፍጣውን የራሱን ዋጋ አወዳድሪ። ርካሽ የመሰለው ስቴት ታክሱ ዝቅ ስላለ ብቻ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ትከፍሉታላችሁ።

ቀኖቹ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ናቸው። ትራኩ ቆሞ ቢከርምም ዜሮ ብለሽ ላኪ። ካረፈደ 50 ዶላር ወይም የታክሱን 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያስከፍላል። የማይል መዝገቡንና ደረሰኙን ለ4 ዓመት አስቀምጪ። የፓምፕ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ እዚያው በስልክ ፎቶ ያንሣው።

ከአትላንታ ኦሃዮ ስሄድ ኬንታኪ ላይ አስቁመው «ኬዋይዩ የለህም» አሉኝ። ኢፍታዬም ታርጋዬም ሙሉ ነው። (አትላንታ)

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ኢፍታ ይህንን አይሸፍንም። አንዳንድ ስቴቶች ከነዳጁ ሌላ በክብደትና በማይል የሚታሰብ የራሳቸው ታክስ አላቸው። ኬዋይዩ የሚሉት የኬንታኪን ነው፤ ትራኩ 60,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ በማይል 2.85 ሳንቲም ትወስዳለች። በአይ-75 ከጫፍ ጫፍ ወደ 190 ማይል ነው፤ ታክሱ 5 ዶላር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ለዚህች ብር ብሎ መቀጣት ያንገበግባል።

ኒው ዮርክ ከ18,000 ፓውንድ በላይ ላለው ትጠይቃለች። ኒው ሜክሲኮና ኦሪጎን ከ26,000 በላይ ላለው። ኮኔቲከትም ከ2023 ጀምሮ ተጨምራለች። ዲስፓቸርዎ ወደነዚህ ስቴቶች ሎድ ሲይዝ አስቀድሞ ይንገርዎት። ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ ጊዜያዊ ፐርሚት ይጠይቁ።

የአክስቴ ልጅ ኤምሲ አለው። በእሱ ልሥራ? (ዴንቨር)

በወረቀት ከሆነ ይቻላል። የሊዝ ውል ትፈራረማላችሁ፤ በሩ ላይ የእሱ ካምፓኒ ስምና ዲኦቲ ቁጥር ይለጠፋል፤ አንተም ትራኩም ኢንሹራንሱ ውስጥ ትገባላችሁ፤ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውም በእሱ ሥር ይሆናል። «ዘመድ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ቁጥር ተውሶ መሥራት ግን አደጋ በደረሰ ቀን ዝምድናውንም ይዞት ይሄዳል።

የቆየ ኤምሲ መግዛት የሚያምራችሁም አላችሁ። ቁጥሩ ከነታሪኩ ነው የሚመጣው። የሻጩ ጥፋት ሁሉ ስምህ ላይ ያርፋል። እኔ አልመክርም።

የሊዝ ካምፓኒዬን ልለቅ ነው። ታርጋው የኔ አይደለም እንዴ? በየወሩ ከቼኬ ተቆርጧል። (ሚኒያፖሊስ)

የከፈልከው አንተ ብትሆንም፣ ካብ ካርዱ (የታርጋው መመዝገቢያ ወረቀት) ላይ ተመዝጋቢው ካምፓኒው ከሆነ ታርጋው የእነሱ ነው። መልሰው ይወስዱታል ወይም ያዘጉታል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ ተገቢም ነው። ያልተጠቀምክበት ወር ገንዘብ ይመለስ አይመለስ የሚወስነው ውልህ ስለሆነ ሳትለቅ አንብበው።

በራስህ ስም አፖርሽንድ ታርጋ (ክፍያው በየስቴቱ በሚነዳው ማይል የሚከፋፈል ታርጋ) ለማውጣት በስቴቱ መኖርህን ወይም እዚያ ቢሮ እንዳለህ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እና ማኅተም ያረፈበት የ2290፣ ማለትም የፌዴራሉ የከባድ መኪና ታክስ፣ ወረቀት ያስፈልጋል። 2290 ከ55,000 ፓውንድ ጀምሮ ነው፤ ከ75,000 በላይ ላለው በዓመት 550 ዶላር። ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ መክፈያው እስከ ኦገስት 31 ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይሠራም፤ ኢአይኤን (የድርጅት የታክስ ቁጥር) ግድ ነው። ኢአይኤኑም ሲስተማቸው ላይ እስኪገባ ሳምንታት ስለሚወስድ አስቀድመህ አውጣ።

በመጀመሪያው ዓመት የራስህ የማይል ታሪክ ስለሌለ ታርጋው በስቴቱ አማካይ ማይል ይታሰባል። ሂሳቡ ከጠበቅከው ቢለይ አይግረምህ።

የ2008 ሞተር ያለው ትራክ በርካሽ አገኘሁ። ወደ ካሊፎርኒያ ልሥራበት? (ፊኒክስ)

ተወው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከባድ ትራክ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ ደረጃ ያለው ሞተር እንዲኖረው ትጠይቃለች፤ ከውጭ የሚገባውም አይቀርለትም። ለሌላ መስመር ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው።

ኮንቴይነር ከባልቲሞር ወደብ ሜሪላንድ ውስጥ ብቻ ነው የማደርሰው። ኤምሲ ያስፈልገኛል? (ባልቲሞር)

የሚታየው የትራኩ መንገድ ብቻ አይደለም፣ የዕቃውም ጭምር ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ጉዞው ሳያልቅ አንተ እየቀጠልክለት ከሆነ፣ ከሜሪላንድ ባትወጣም እንደ ኢንተርስቴት (ከስቴት ስቴት የሚሻገር ሥራ) ይቆጠራል።

«የደህንነት ኦዲት» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ምን ላዘጋጅ? (ሲያትል)

አዲስ ካምፓኒ 18 ወር ክትትል ሥር ነው፤ ኦዲቱም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይመጣል። የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ምርመራውን ቀድመህ እየው። ብቻህን የምትነዳ ብትሆንም ኮንሶርሺየም (ምርመራውን ለብዙ ሹፌሮች በጋራ የሚያካሂድ ድርጅት) ውስጥ መመዝገብ አለብህ፤ ፕሮግራሙ ጭራሽ ከሌለ በዚያ ብቻ ትወድቃለህ። ክሊሪንግሃውስ (የሹፌሮች የምርመራ ጥፋት የሚመዘገብበት የፌዴራል መዝገብ) ላይም በየዓመቱ የራስህን ስም ትፈትሻለህ። ከዚያ የሹፌር ፋይልህን፣ የሕክምና ካርድህን፣ የስድስት ወር ሎግህን (የመንዳት ሰዓት መዝገብህን)፣ የጥገና ደረሰኞችህንና የኢንሹራንስ ማስረጃህን ሰብስብ። ብዙ ጊዜ ሰው አይመጣም፤ ሰነዱን በኢንተርኔት ነው የምትልከው። ኢሜይሉ ላይ ያለው ቀን ካለፈህ ግን ፋይልህ የቱንም ያህል ቢሟላ ኦዲቱን እንደሸሸህ ስለሚቆጠር ዛሬውኑ መልስላቸው።