ለልጄ ክርስትና ፎቶግራፈር ልቅጠር ወይስ የባሌ ስልክ ይበቃል ላልሽው እህት

እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የልጅቷ 80 ቀን ጥር ላይ ነው፣ ጠዋት ቤተክርስቲያን፣ ከዛ ምሳ እቤት፣ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ፎቶ፣ ፎቶግራፈሩ ለሙሉ ቀን የጠራው ብር አስደነገጠን ባሌ ደሞ ጥሩ ሳምሰንግ አለው ነው ያልሽው አይደል። እኔ ፎቶግራፈር አይደለሁም፣ እዚሁ ባህር ዳር ፎቶ ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው፣ በስልክ የተነሳውም በካሜራ የተነሳውም እኔ ጋ ስለሚመጣ ወረቀት ላይ የቱ እንደሚያምር የቱ እንደሚያሳፍር በየቀኑ አያለሁ፣ የራሴንም ልጆች ክርስትና አስነስቻለሁ።

በኔ በኩል ሙሉ ቀን አትቅጠሪ። ለቤተክርስቲያኑ ብቻ ቅጠሪ፣ ሌላውን በስልክ ተወጡት።

ለምን መሰለሽ፣ ጥምቀቱ ከቅዳሴ በፊት በንጋት ነው የሚፈጸመው፣ ክርስትና ቤት ውስጥ ደሞ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። የስልክ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ነገር በጣም ትንሽ ስለሆነ ጨለማ ሲሆን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ነው የሚያነሳው፣ በዛች ቅጽበት ውሃው ይፈሳል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች ትንፈራገጣለች፣ የቄሱ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ በቃ የሚወጣው ጭጋግ ነው። የማታ ሞድ አለው ትዪኝ ይሆናል፣ እሱ ለቆመ ነገር ነው እንጂ ለሚያለቅስ ህፃን አይሆንም። ስልኩ ላይ ስታዪው ጥሩ ይመስልሻል፣ ችግሩ ትልቅ አድርገን ስናትመው ነው የሚታየው። ከውሃው የምትወጣበት፣ ሜሮን የምትቀባበት፣ ማተቡ የሚታሰርበት፣ ክርስትና እናቷ ተቀብላ የምታቅፍበት፣ ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ቄሱን አባ እስቲ አንዴ ይድገሙልን አትያቸው ነገር። ፎቶግራፈሩን 1.8 ሌንስ ወይ ከዛ የተሻለ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ አለህ ወይ በዪው፣ መልሱ ፍላሽ አለኝ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጊ፣ ህፃን አይን ላይ ፍላሽ ማንቦግቦግ እኔ አልወድም ካህናቱም ላይፈቅዱ ይችላሉ። እሱን ቀድማችሁ ሄዳችሁ አስፈቅዱ፣ እስከ የት መጠጋት እንደሚቻልም ጠይቁ።

ሌላው ሰው የማያስበው ባልሽን ነው። ስልኩን እሱ ከያዘ ከልጁ ክርስትና ላይ አባትየው የለም ማለት ነው፣ አልበም ሊያሰሩ መጥተው አባቷ የታለ ስል እሱ ነው ያነሳን የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ደሞ አያቶችን ሰብስቦ ማሰለፍ የዘመድ ስራ አይደለም፣ ካሜራ ማን እማማ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ ሲል ሁሉም እሺ ይላል፣ የወንድምሽ ልጅ ሲል ግን ቆይ ቡናውን ልጠጣ ነው 😄

ለምሳው ግን አትጨነቂ። መስኮት አጠገብ ወይ በረንዳ ላይ አንሱ፣ ብቻ ከምሳ በኋላ ሌንሱን ጥረጉት፣ የወጥ ጣት የነካው ሌንስ ብርሃኑን ሁሉ ያጨማልቀዋል፣ በስልክ ከሚመጣልኝ ፎቶ ስንቱ እሱን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዙም አታድርጉ፣ በእግር ጠጋ በሉ።

ጣና ዳር ስልክ ከበቂ በላይ ነው፣ ሰዓቱን ካወቃችሁ። ከተማችን ከሀይቁ ደቡብ ስለሆነች ውሃውን ከጀርባ አድርጎ የሚቆም ሰው ወደ ደቡብ ነው የሚያየው፣ በጥር ደሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ቀን 7 እና 8 ሰዓት ከሄዳችሁ ሁላችሁም አይናችሁን ጨፍናችሁ ነው የምትወጡት። ሚያዝያ ላይ ቢሆን ደሞ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆንና አይን ጉድጓዱ ይጠቁራል፣ ያም ሌላ ጣጣ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጀምበር የምትጠልቀው ከ12 አልፎ ነው፣ ካልሆነም ዋርካ ጥላ ስር ቁሙ። ሁላችሁም ነጭ ስለምትለብሱ፣ ውሃውም ስለሚያበራ፣ ስልኩ ፎቶውን በሙሉ ያጨልመውና ፊታችሁ ይጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊት ንኪና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ብዙ ካደረግሽው የቀሚስሽ ጥበብ ይጠፋል። ቀኑ ጥር 11 እና 12 አካባቢ ከዋለ ግን የጥምቀት ህዝብ ስላለ ዳሩን እርሱት፣ ሌላ ቀን ሂዱ።

አሁን ወደኔ ስራ ስመጣ፣ እባካችሁ ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ዝም ብሎ ፎቶ ተብሎ ከተላከ ረጅሙን ጎን በተለምዶ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፣ ያ በጥሩ ጥራት ሲታተም 11 ሴንቲ ገደማ ነው። ከስልኩ እንዳለ የመጣ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ግን 34 በ25 ሴንቲ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰው ይሄን ሳያውቅ ስክሪንሹት ይዞ ይመጣና ግድግዳ የሚያክል አድርግልኝ ይለኛል።

ከፎቶግራፈሩ ጋ ስትነጋገሪ ቴሌግራሙ ላይ የለጠፋቸውን ምርጥ ምርጦቹን አይተሽ አትወስኚ፣ የአንድ ሰው ክርስትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየኝ በዪው። ቀብድ ስትከፍዪ ሶፍት ኮፒውን ሙሉ በሙሉ እንደሚሰጥሽና መቼ እንደሚያስረክብ በጽሁፍ ይሁን። ኤዲት ላይም ቆዳ አታንጣ በዪው፣ የሰውን ልጅ ፈረንጅ አድርገው የሚያመጡ አሉ፣ አያትየው ይቺ የማናት ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው ይያዛሉ፣ እና አሁኑኑ ደውዪና ለጠዋቱ ብቻ፣ ለሁለት ለሶስት ሰዓት ያህል ስራ ስንት ነው በዪው። ለግማሽ ቀን አልሰራም ካለሽ ሌላ ጠይቂ፣ የሚሰራ አይጠፋም።