ሰዓት በእንግሊዝኛ ስንጠይቅ፦ ጥያቄና መልስ ከለገጣፎ

በለገጣፎ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ደጋግሞ የሚያደናቅፋቸው ቀላል የሚመስለው ነገር፣ ሰዓት መጠየቅ ነው። ዛሬ ማታ የመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ እመልሳለሁ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን እጽፈዋለሁ።

መምህር፣ አንድ እንግዳ «ሀው መኒ አወር ኢዝ ኢት?» ብዬ ብጠይቀው ግራ ገባው። ምን አጠፋሁ?

ወንድሜ፣ ያሳሳተህ «ስንት» ነው። እኛ «ስንት ሰዓት ነው?» እንላለን፤ አንተም ቃል በቃል ወሰድከው። በዚያ ላይ «ሰዓት» ለእኛ እጃችን ላይ የምናስረውም፣ ስልሳው ደቂቃም፣ አሁን የደረስንበት ጊዜም ነው። እንግሊዝኛ ለየብቻ ይጠራቸዋል፤ ዎች፣ አወር፣ ታይም። አንተ የፈለግከው ሦስተኛውን ነውና «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ወይም «ዋትስ ዘ ታይም?» በል። «ሀው መኒ አወርስ» የሚባለው መንገዱ ወይም ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲጠየቅ ነው።

በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት እየሠለጠንኩ ነው። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ስል አረሙኝ። ለምን?

እህቴ፣ ትክክለኛ እርማት ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። ጥያቄው በትሕትና ቃል ሲጀመር፣ ውስጡ ያለው ክፍል ጥያቄነቱን ይለቃል። «ኢዝ ኢት» ተገልብጦ «ኢት ኢዝ» ይሆናል፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዋት ታይም ኢት ኢዝ?»። በአማርኛም «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው «ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ሲባል መልኩን ይቀይር የለ? ይህንኑ ልብ በይ። ስለ አውቶቡስ ስትጠይቂም «ዱ ዩ ኖው ዌን ዘ ባስ ሊቭስ?» ነው፤ «ዌን ዳዝ ዘ ባስ ሊቭ» እዚያ ውስጥ አይገባም።

«ዱ ዩ ሃቭ ታይም?» እና «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ታይም?» ይለያያሉ?

በጣም። የመጀመሪያው «ጊዜ አለህ?» ነው፤ ሁለተኛው «ሰዓት ይዘሃል?»። ለማታውቀው ሰው «ዘ» ስትረሳ፣ አብሮህ እንዲቀመጥ የጋበዝከው ይመስለዋል።

እንግሊዛዊው አለቃዬ «ሃፍ ሰቨን» ሲሉኝ ስድስት ተኩል መሰለኝ።

በእነርሱ አቆጣጠር ሰባት ተኩል፣ በእኛ አንድ ተኩል ማለታቸው ነው፤ «ፓስት» የሚለውን ዘለሉት እንጂ። «ኦክሎክ» ግን ለሙሉ ሰዓት ብቻ ነው። «ሃፍ ፓስት ሰቨን ኦክሎክ» አይባልም።

የወንድሜ በረራ ማክሰኞ 2፡00 ኤ ኤም ቦሌ ይደርሳል ይላል። መቼ ልሂድ?

ልጄ፣ ይህን በደንብ ያዢ፤ እኔም በዚህ ተሳስቼ እህቴን በሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ብቻዋን አስቀምጫታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱን ከምሽት እንቆጥራለን፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች። እንግሊዝኛው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይነሣል። ስለዚህ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ፤ «ኤ ኤም» ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ቀን ያለው ነውና 2፡00 ኤ ኤም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከባዱ ቀኑ ነው። ለእኛ ያ ሌሊት የሰኞ ነው፤ ለእነርሱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ገብቷል። ሰኞ ማታ ከቤት ተነሺ፤ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ብትሄጂ ወንድምሽ ከገባ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

«እስከ 11 ሰዓት» በእንግሊዝኛ «አንቲል ፋይቭ» ነው?

አንዳንዴ። «እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ነኝ» ከሆነ አዎን፣ «አንቲል ፋይቭ»፤ መቀመጡ እስከዚያ ይቀጥላልና። «እስከ 11 ሰዓት ጨርሰህ አምጣ» ከሆነ ግን «ባይ ፋይቭ» ነው፤ ሥራው ከዚያ በፊት በማንኛውም ሰዓት ቢያልቅ ይበቃል። አለቃህ «ባይ ፋይቭ» ብሎህ አንተ 11 ሰዓት ላይ ሥራውን ብትጀምር፣ ቀነ ገደቡ አልፎብሃል።