ስለ ዋነሷ ጎጆ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ወፍ ለማየት አብራችሁኝ ለወጣችሁ ወጣቶች፤

አንዷ ቁጥቋጦው ውስጥ የዋነስ ጎጆ አይታ «ጋሼ፣ ጠጋ ብዬ ፎቶ ላንሳት?» አለችኝ። «አይሆንም!» አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። መቆጣቴን ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አስጎብኚ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔም የምሠራው ከከተማ ዳር ባለች ትንሽ ጥብቅ ሥፍራ ነበር። አንድ ጠዋት ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ የዋነስ ጎጆ አገኘሁ። የዋነስ ጎጆ መቼም ጎጆ ለማለት ይከብዳል። ጥቂት ጭራሮ ጣል ጣል ተደርጎ ነው፤ አንዳንዴ እንቁላሉ ከሥር ይታያል። ወፏ ታቅፋ ዝም ብላለች። ዓይኗ ብቻ ይከተለናል። እንግዶቼ በደንብ እንዲያዩ ብዬ ቅጠሉን ገለል አደረግሁ። አልበቃኝም፤ ሁለት ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ወፏ ብር ብላ ሄደች። ሁለት ነጭ እንቁላል ፍጥጥ ብሎ ታየ። ሰዎቹ ፎቶ አነሱ፣ አመሰገኑኝ፣ ጉርሻም ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ስመለስ ዛፉ አናት ላይ ቁራ ተቀምጧል። ጎጆው ባዶ ነው። ሥሩ የተሰበረ ቅርፊት ወድቋል። አነሳሁት፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። ያ ቅጠል መጋረጃዋ ነበር። የገለጥኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዋነሶች እናትም አባትም እየተፈራረቁ ነው የሚታቀፉት፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። ጫጩት ሲፈለፈል ደግሞ ከጉሮሯቸው ከረጢት ወተት የመሰለ ነገር እያወጡ ያጎርሱታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅስ እተወው ነበር? እንጃ። ጉርሻው አጓጉቶኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች ወፏን ሳታዩ ፎቶዋን ትፈልጋላችሁ። ድምፅ ከስልክ ከፍታችሁ ስትጠሯትም አይቻለሁ። ወንዱ ባላንጣ ግዛቱ የገባ መስሎት ምግቡን ትቶ ይንከራተታል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ይህን ስል ግን አንድ ነገር አልክድም። በዕድሜ ቀጭን ድምፅ መስማት እያቃተኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከሸምበቆው ውስጥ የምትዘምረውን ትንሽ ወፍ ድምፅዋን ሰምቶ የነገረኝ የአንዳችሁ ስልክ ነው።

ውኃ ያዙ፣ በማለዳ ውጡ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ባይኖኩላር፣ ማለትም የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ የምትገዙ ግን 8 በ42 የሚለውን ፈልጉ። 8 እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በንጋት ብርሃንም አይጨልምም። ከዚያ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ትናንት አልፌ ነበር፤ ዋነሷ እዚያው ናት። ከመንገዱ ሳይወጡ የዓይኗ ዙሪያ ሳይቀር ይታያል። ቅዳሜ ትንሽ ቀደም ብለሽ ነይ፤ ባይኖኩላሬን አውስሻለሁ።