ሁለቴ በኦፕራሲዮን ለወለደች፣ ማህፀን ለማስወጣት የቱ መንገድ ይሻላል?

እህቴ፣ ሁለቱንም ልጆችሽን በኦፕራሲዮን ወልደሽ አሁን በማዮማ፣ ማለት በማህፀን ዕጢ፣ ምክንያት ማህፀንሽ ሊወጣ እንደሆነ ጽፈሻል። «በሆድ፣ በታች (በብልት በኩል) ወይስ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ)?» ነው ጥያቄሽ። የኔም ነገር ቁርጥ ያንቺ ነበር። ስለ ማዮማው አልነግርሽም፣ ስቃዩን ታውቂዋለሽ።

1. «ሁለቴ ስለተቀደድሽ በታች አይሆንም» የሚልሽን ሐኪም ምክንያቱን ጠይቂው። እኔን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሐኪም አልጋ ላይ እንኳ አላስተኛኝም። የአልትራሳውንድ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየና «ሆድሽን እንከፍታለን» አለ፣ በቃ። ሁለተኛዋ ስፔሻሊስት ግን በደንብ መረመረችኝ። ማህፀኔ ብዙ አላደገም፣ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። «በኦፕራሲዮን መውለድሽ ብቻውን አይከለክልም» አለችኝ። የሚያስቸግረው ማህፀኑ በጣም ከተለቀ፣ ወይም በጠባሳ ከሆድ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ከተሳበ ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ በታች ማውጣት ከተቻለ እሱ ይመረጣል ይላል።

2. ልዩነታቸው። በሆድ ሲሆን ሐኪሙ ሁሉን ነገር ከፍቶ ያያል፣ አንቺ ግን ስድስት ሳምንት ገደማ ከባድ ነገር አታነሺም። ላፓራስኮፒ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቶሎ ትነሺያለሽ፤ ኦፕራሲዮኑ ግን ረዘም ይላል፣ የሽንት ቱቦና ፊኛ የመጎዳት ዕድሉም በሆድ ከሚደረገው ከፍ ይላል። የለመደ እጅ ይፈልጋል። በታች ሲሆን ሆድሽ ላይ ምንም ቁስል የለም። በሦስቱም መንገድ ግን የኛ የተቀደድነው ሴቶች ጣጣ አንድ ነው፤ ፊኛ። ፊኛው ድሮ ማህፀኑ የተሰፋበት ቦታ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

3. ስለዚህ ከሁሉ በፊት የድሮውን የኦፕሬሽን ኖት፣ ሐኪሙ ያኔ ያየውንና ያደረገውን የጻፈበትን ወረቀት፣ አውጪ። እዚህ ላይ ነው የተንገበገብኩት። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄድኩ። ሰውየው ከመስኮቱ ጀርባ ቀና ሳይል «የድሮ ካርድ ስቶር ገብቷል፣ ነገ ነይ» ይለኛል። ነገ ስሄድ ቁልፍ ያዡ የለም። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልጁ ተወልዶ የለ እንዴ፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል?» ሰው ሁሉ እየሰማ! አልተውኩትም። ማመልከቻ ጽፌ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስገባሁ፣ ተመራልኝ፣ ካርዱም ያው እዚያው ስቶር ውስጥ ተገኘ።

ሐኪሜ ስታነበው አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በእስክሪብቶ አሰመረችበትና አስረዳችኝ፤ ያኔም ፊኛው ወደ ላይ ተስቦ ተጣብቆ ነበር። ስለዚህ ሌላ ዝግጅት አደረገች። የሽንት ቧንቧ ሐኪም በቅርብ እንዲሆን ጠየቀች። ፊኛዬን ሰማያዊ ቀለም ባለው ፈሳሽ ሞላችው፤ ትንሽ ቢቀደድ ቀለሙ ወዲያው ያሳብቃል። ጠባሳውን ደግሞ በጣት መግፋት ፊኛ ይቀድዳል ብላ ቀስ እያለች በመቀስ አላቀቀችው። በታች ወጣልኝ፣ ፊኛዬም ደህና ነው። ያን ወረቀት ታግዬ በማውጣቴ እስከ ዛሬ ኩራት ይሰማኛል።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ፊኛ ቢጎዳና እዚያው ቢታይ ይሰፋል፣ ለአንድ ለሁለት ሳምንት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ጎማ) ይዘሽ ትድኛለሽ። ሳይታይ ካለፈ ግን ፊስቱላ፣ ማለት ሽንት ሳትፈልጊ ከታች የሚፈስበት ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ካከማቸው ሴቶች ብዙዎቹ በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ናቸው፤ በኦፕራሲዮን የተጎዱም ግን ይመጣሉ። ወደ ቤት ከገባሽ በኋላ ሳትፈልጊ ሽንት ከታች ከፈሰሰሽ «ቁስሉ ነው» ብለሽ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ሂጂ።

ስትፈርሚ ወረቀቱን አንብቢው። በታች ወይም በላፓራስኮፒ ተጀምሮ ካስቸገረ ሆድ ሊከፈት እንደሚችል ይጠቅሳል፣ እሱ ተገቢ ነው። እንቁላል ማምረቻሽ አብሮ ይወጣ አይውጣ የሚለውን ግን ለብቻው ጠይቂ። ሁለቱም ከወጡ የወር አበባ ማረጥ በአንዴ ነው የሚመጣብሽ።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ «የህክምና ማስረጃ» ብለሽ እንዳትጽፊ። በዚህ ቀን በኦፕራሲዮን ወልዳለች የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጥተው ይሸኙሻል። «የኦፕሬሽን ኖት ቅጂ፣ የሁለቱም ወሊድ» ብለሽ ጻፊ።